«ወጣ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ትርጉም እሠራለሁ። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ልምድ፣ ውክልና፣ አንዳንዴ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ አንዳንዴም የፕሮጀክት ሪፖርት ይመጣልኛል። ከዚያ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ብዙ ያደከመኝ የሕግ ቃል አይደለም። የሕክምና ቃልም አይደለም። እነዚያ መዝገበ ቃላት ሲከፈት ይገኛሉ። ያደከመኝ አንድን ነገር ለሰው ሁሉ የማሳወቅ ቃል ነው። አስታወቀ፣ ገለጸ፣ ይፋ አደረገ፣ አወጣ፣ ለቀቀ፣ አወጀ። በአማርኛ አንዱን በሌላው ብትተኩት ብዙ ጊዜ የሚቆጣ የለም። በእንግሊዝኛ ግን አንዷ ቃል ቦታዋን ስትስት ሰው ታስወቅሳለች። እኔን አስወቅሳኛለች።

መሥሪያ ቤቱ ከገባሁ ገና ስድስት ወር ነበር። የሴፍቲኔት ሥራን የሚደግፍ አንድ የውጭ ለጋሽ ድርጅት በየሩብ ዓመቱ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ይፈልግ ነበር። የምጽፈው እኔ ነኝ። አማርኛው «የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በየቀበሌው ይፋ ተደርጓል» ይላል። «ይፋ ማድረግ» የሚለውን ፈለግሁ። ከተደረደሩት ቃላት መካከል «ዳይቨልጅ» የምትል አገኘሁ። ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። ከበድ ያለች፣ የተማረ ሰው ቃል መስላ ታየችኝ። እሷኑ ጻፍኩና ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው? የሰዎቹን ሚስጥር ማን አወጣ፣ ማንስ ፈቀደላችሁ እያሉኝ እኮ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ ነው ያልኩት» አልኩ።

ያልኩት ግን እንደዚያ አልነበረም። «ዳይቨልጅ» ማለት በአደራ የተያዘን ሚስጥር ለማይገባው ሰው ማውጣት ነው። ሐኪም የበሽተኛውን ነገር ቢያወራ፣ የባንክ ሠራተኛ የደንበኛውን ሂሳብ ቢናገር፣ ያኔ ነው የምትገባው። አማርኛ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ዓይነት መውጣት ነው። የእኛ ዝርዝር ደግሞ የተለጠፈው ሰው እንዲያየው ነበር። የቀበሌው ነዋሪ ሰሌዳው ፊት ቆሞ እያነበበ «እገሌ እኮ ሁለት በሬ አለው፣ እትዬ እገሊት ለምን ተረሱ?» ብሎ ቅሬታ እንዲያቀርብ ነው። የሥራው ግልጽነት ያለው እዚያ ላይ ነው። ያንን ግልጽነት ላሳይ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር አደራ መብላት ሆና ተነበበች። ማስተካከያው አንዲት ቀላል ቃል ነበረች፤ «ፖስትድ»። ለጠፍን። በቃ።

«ፖስት» እኮ ከእኛው «ለጠፈ» ብዙም አይርቅም። የእንግሊዝኛው ቃል ማስታወቂያ የሚሰቀልበትን የቆመ እንጨት ነው የሚያስታውሰው። ዛሬ ስልካችን ላይ «ፖስት አደረግሁ» የምንለውም ያው እንጨት ላይ የመለጠፉ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አማርኛውን ግስ ይዤ መዝገበ ቃላት አልከፍትም። መጀመሪያ ድርጊቱን ነው የማየው። ነገሩ ከመታወቁ በፊት ተደብቆ ነበር ወይስ ገና አዲስ ነው? ያሳወቀው ባለቤቱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ባለቤቱ ወዶ ነው ወይስ ሳይወድ? ሥልጣን ያለው አካል ነው የተናገረው ወይስ ማንም ሰው? እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አስቀምጧል። አማርኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ይጭነውና ልዩነቱን ለሰሚው ይተወዋል። ሰሚው ጎረቤትህ ሲሆን ይገባዋል። ለንደን ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ አንባቢ ግን ከየት ያምጣው?

ከሁሉም የባሰው «ወጣ» ነው። ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ውጤት ወጣ። መግለጫ ወጣ። መጽሐፍ አወጣ። ሕግ ወጣ። ዕጣ ወጣ። ጨረታ ወጣ። ሚስጥር አወጣ። ጉዱን አወጣው። መታወቂያ አወጣሁ። ፈተና ወጣ። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ስንል እንውላለን፤ ማንም ግራ አይጋባም። አሁን እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ውጤት «ሪሊዝ» ይደረጋል። መግለጫ «ኢሹ» ይደረጋል። መጽሐፍ «ፐብሊሽ» ይሆናል። ሕግ ምክር ቤት ሲያወጣው «ኢናክት» ነው። ጨረታ «አድቨርታይዝ» ይደረጋል። ዕጣ ደግሞ ከማሳወቅ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ከጉድጓድ ውሃ እንደመቅዳት «ድሮው» ነው የሚባለው። ጉዱ የወጣበት ሰው «ኤክስፖዝድ» ሆኗል። አንድ የእኛ ቃል፣ ሰባት ስምንት የእነሱ።

«ፈተና ወጣ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። መምህሩ ፈተና አወጣ ስንል አዘጋጀ ማለታችን ነው፤ «ሴት» ይባላል። ፈተናው ወጣ ስንል ግን ከፈተናው ቀን በፊት ሰው እጅ ገባ ማለትም ሊሆን ይችላል። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንደዚያ ወጥቶ እንደተቋረጠ ያኔ ተማሪ የነበረ ሁሉ አይረሳውም። ይህኛው «ሊክ» ነው። ቃሉ ውሃ በቀዳዳ ማፍሰስ ነው። አማርኛም ቆንጆ ቃል አለው፤ «አፈትልኮ ወጣ» እንላለን። «አፈትልኮ» የምትለዋን ካልጨመራችሁ አንባቢው ፈተናው በአግባቡ ተዘጋጀ ብሎ ሊረዳ ይችላል።

«ሪሊዝ» ለእኛ ቀላል ነው፤ ከ«ለቀቀ» ጋር እጅ ለእጅ ይሄዳል። እስረኛ ይለቀቃል፣ የግድብ ውሃ ይለቀቃል፣ ዘፈን ይለቀቃል፣ ውጤትም ዛሬ ዛሬ «ተለቀቀ» ነው የሚባለው። ሁሉም «ሪሊዝ» ነው። ሐሳቡም አንድ ነው፤ ነገሩ ተዘጋጅቶ ተይዞ ነበር፣ ጊዜው ሲደርስ የያዘው እጅ ተከፈተ።

«ኢሹ» ግን ያጣላናል። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ይዛ መጣች። በእንግሊዝኛ ራሷ ጽፋው ነበር፤ እኔ እንዳየው ብቻ ነው የፈለገችው። ጽሑፉ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን በ2013 መንጃ ፈቃዷን እሷ ራሷ «ኢሹድ» እንዳደረገች ይላል።

«እህቴ፣ መንጃ ፈቃዱን የሰጠሽ ማነው?» አልኳት።

«መንገድ ትራንስፖርት ነዋ!»

«እንግዲያው «ኢሹ» ያደረገው እሱ ነው። አንቺ የተቀበልሽው ነሽ።»

ትንሽ አሰበችና «መታወቂያ አወጣሁ እንል የለ እንዴ?» አለችኝ። ልክ ነች። በአማርኛ መታወቂያ የሚያወጣው ሰውዬው ነው፤ ተሰልፎ፣ ፎቶ ሰጥቶ፣ ከፍሎ ያወጣል። በእንግሊዝኛ ግን የሚያወጣው ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው። እናንተ «ጎት» ወይም «ኦብቴይንድ»፣ አገኘሁ በሉ፤ ወይም ቀበሌው «ኢሹድ» አደረገልኝ በሉ። ፓስፖርትም፣ ንግድ ፈቃድም፣ የልደት ካርድም እንደዚያው ነው። ይህቺን ስህተት በሳምንት ሦስት ጊዜ አያታለሁ።

ሌላው በየደብዳቤው የማየው የ«አሳወቀን» ጣጣ ነው። አማርኛ ግሱ ላይ «ን» ትጨመርና ሰውዬው እዚያው ይካተታል። እኛም ይህን ይዘን «አናውንስድ አስ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው አይቀበለውም። «አናውንስ» የሚያስከትለው ወሬውን ነው፤ ለማን እንደሆነ መጨመር ካስፈለገ «ቱ አስ» ይባላል። «ኢንፎርም» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ይፈልጋል። «ጽሕፈት ቤቱ አስታወቀ» የሚለውን ብዙዎቻችን «ዘ ኦፊስ ኢንፎርምድ ዛት» ብለን እንመልሰዋለን። ማንን? እንግሊዝኛ አንባቢ እዚያ ላይ ይቆማል። የሚነገረው ሰው ተለይቶ ካለ «ኢንፎርም»፣ የሚነገረው ለሁሉም ሰው ከሆነ «አናውንስ»። ይህን ብቻ ብትይዙ የደብዳቤያችሁ ግማሽ ስህተት ይጠፋል።

አሁን ወደ ሚያሳስበኝ ቃል ልምጣ፤ «ዲስክሎዝ»። የእኛ ዜና ሁሉ ሲያልቅ «ሲሉ ገለጹ»፣ «ሲሉ አስታወቁ» ይላል። ይህ የዜና አማርኛ ጠባይ ነው፤ ክፋት የለውም። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ግን በልማድ «ዲስክሎዝድ» ሆኖ ይወጣል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የዞኑ ኃላፊ አርሶ አደሩ ማዳበሪያ መረከቡን ገለጹ፤ «ዲስክሎዝድ»። የዘንድሮው ዝናብ ጥሩ መሆኑን ገለጹ፤ «ዲስክሎዝድ»። ቃሉ ሲፈታ ግን ተዘግቶ የነበረን መክፈት ማለት ነው። «ክሎዝ» መዝጋት፣ «ዲስ» ማፍረስ። ስለዚህ የውጭ ሰው ያንን ሲያነብ ማዳበሪያው ተደብቆ ነበር እንዴ ብሎ ይጠራጠራል። ኃላፊው ሳያስቡት ሚስጥር አውጪ ይሆናሉ። «ሴይድ» ማለት ይበቃል። አለ፣ አሉ፣ ተናገሩ። ቀላል ቃል የተማረ ሰው ቃል አይደለም የሚል ስሜት አለን፤ ይህ ስሜት ነው ብዙ ጉዳት ያደረሰብን።

«ዲስክሎዝ» ቦታዋ የት ነው? ግዴታ ያለበት ሰው የግሉን መረጃ ሲከፍት። ለዚህ ስለ ሀብት ማሳወቅና ምዝገባ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 668/2002ን እዩት። አማርኛው «ማሳወቅ» ያለውን እንግሊዝኛው ርዕስ «ዲስክሎዠር» ብሎታል። ልክ ነው። የባለሥልጣን ቤትና ገንዘብ የግሉ ጉዳይ ነበር፤ ሕጉ ክፈት አለው፣ ከፈተ። የአባይ ግድብም ጥሩ ምሳሌ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረተ ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት ነገሩ በሚስጥር ተይዞ «ፕሮጀክት ኤክስ» ነበር የሚባለው። ያኔ ዕቅዱ ለሕዝብ ሲነገር «ዲስክሎዝድ» ብትሉ ማንም አይሳሳትም፤ ተዘግቶ ነበርና። «አናውንስድ» ብትሉም ያስኬዳል። የመጀመሪያው ተደብቆ መቆየቱን ያስታውሳል፣ ሁለተኛው የምሥራቹን ብቻ ይይዛል። የምትመርጡት ለማለት የፈለጋችሁትን ነው።

የምሥራች ካልኩ፣ «አናውንስ» ከመልእክተኛ የመጣ ቃል ነው። የላቲኑ ሥር «ኑንቲዩስ» መልእክተኛ ማለት ነው። ብሥራተ ገብርኤልን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «አናንሲዬሽን» ይሉታል፤ ያው ቃል ነው። ስለዚህ «አናውንስ» የሚደረግ ነገር ሰው ገና ያልሰማው፣ አንድ ተናጋሪ ይዞት የመጣ ነገር ነው። ሰርግ፣ ሞት፣ ሹመት፣ ስብሰባ።

«ሪቪል» ግን መጋረጃ አለው። ላቲኑ መጋረጃን መግፈፍ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ሥሩን አልጣለም፤ «ገለጠ» ስንል ክዳን አነሳ፣ መጋረጃ ገፈፈ፣ ገጽ ገለበጠ ማለታችን ነው። «ገለጸ» የምንለው የዜናው ቃልም ወንድሙ ነው፤ ግን በአፋችን ብዛት መጋረጃው ተረስቶ ተራ «ተናገረ» ሆኗል። ምርመራ የተደበቀውን ሲያሳይ «ሪቪልድ» በሉ። ኃላፊ ንግግር ሲያደርግ አትበሉ። «ኤክስፖዝ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ባለቤቱ ሳይወድ፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ሲወጣበት ነው። «አጋለጠ» ነው። አንድ ደንበኛዬ የሽልማት አሸናፊዎችን ስም «እንኤክስፖዛለን» ብሎ ጽፎ አምጥቶልኝ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ተሸላሚዎቹ ሌቦች ናቸው ብሎ ያስባል።

«ብሮድካስት» የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም።

አጎቴ ቢቸና አካባቢ ገበሬ ነው። አያ እያልኩ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እሱ ጋ እሄድ ነበር። ሐምሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ለስልሷል፣ ከብት ገብቶበት ተረግጧል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አያ ዘሩን በቁና አቅፎ ይይዛል። እየተራመደ ቀኝ እጁን ያጠልቅና ይበትናል። ጤፍ ታውቃላችሁ፣ አቧራ ነው የሚመስለው። ክንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዘሩ አየር ላይ አንዴ ፈዛዛ ጉም ሠርቶ ይወርዳል። «አያ፣ የት እንደወደቀ ታውቃለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እኔ ምን አውቄ፣ መሬቱ ያውቃል» አለኝ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ «ብሮድካስት» የሚለው ቃል ከሬዲዮ በፊት የእርሻ ቃል እንደነበር አነበብኩ። ዘርን በእጅ በሰፊው መበተን ማለት ነበር። «ብሮድ» ሰፊ፣ «ካስት» መወርወር። ሬዲዮ በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲስፋፋ ቃሉን ከገበሬው ወሰዱት። ዛሬም የግብርና ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የብተና አዘራርን በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት፤ በመስመር መዝራት ሌላ ነው። ያንን ሳነብ የአያ ክንድ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ተሳስቼ አላውቅም። «ብሮድካስት» ማለት ማን እንደሚሰማው ሳታውቁ ለሁሉም መበተን ነው። ለአምስት ሰው ደብዳቤ ብትልኩ «ብሮድካስት» አይደለም። ያለፈ ጊዜውም አይለወጥም፤ ዛሬም ትናንትም «ብሮድካስት» ነው፣ ልክ «ካስት» እንደማይለወጠው።

ሥልጣን ያለበት ማሳወቅ ደግሞ የራሱ ቃላት አሉት። አዋጅ ስንል አያቶቻችን ነጋሪት ነው የሚታያቸው። ነጋሪት ተጎስሞ ነው አዋጅ የሚነገረው። ከ1934 ጀምሮ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣም ስሙን የወሰደው ከዚያ ከበሮ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ። የአማራ ክልል ደግሞ የራሱን ዝክረ ሕግ ብሎታል። አዋጅ በእንግሊዝኛ «ፕሮክላሜሽን» ነው፣ ግሱ «ፕሮክሌይም»። ከፍ አድርጎ በሕዝብ ፊት መጮህ የሚል ስሜት አለው። ራስ አዳል በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ፣ ይህን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ፕሮክሌይምድ» ያምርበታል። የቀበሌ ስብሰባን ግን በሞንታርቦ መጥራት «ፕሮክሌይም» አይባልም፤ ድምፁ የቱንም ያህል ከፍ ቢል።

«ዲክሌር» ደግሞ ከጩኸቱ ይልቅ ኃላፊነቱ ነው። የተናገረው ሰው ከቃሉ በኋላ ይጠየቅበታል፣ ወይም ቃሉ ራሱ ነገሩን ይለውጠዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ «ዲክሌር» ይደረጋል፤ ከዚያች ቃል በኋላ አገሩ ሌላ ነው። ግብር ማሳወቅ «ዲክሌር» ነው። ጉምሩክ ላይ «ዲክላራሲዮን» የምንለውስ? ዕቃ አስመጪ ሁሉ ያውቃታል። «ይዤያለሁ» ብሎ መፈረም ነው፤ ቢዋሹ ያስቀጣል። ስለዚህ ስለ አንድ አውደ ርዕይ ስትጽፉ «ዲክሌር» አትበሉ። እዚያ «አናውንስ» ይበቃል።

«ፐብሊሽ» ላይ የእኛ «አሳተመ» ያሳስተናል። «አተመ» ማተሚያ ቤቱ ነው፣ «አሳተመ» ባለቤቱ ነው። ሁለቱም ውስጥ ማተሚያ መኪና አለ። የእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ግን መኪና የለም፤ ያለው ሕዝብ ነው። ለሕዝብ ማድረስ ነው። ለዚህም ነው ወረቀት ያልነካ ጽሑፍ «ፐብሊሽድ» የሚባለው። በእንግሊዞች የስም ማጥፋት ሕግ ውስጥማ ከተሰዳቢው ሌላ አንድ ሰው እንኳ ቢያነበው «ፐብሊሽድ» ነው ይላሉ። ለዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ምሳሌ በብዙ አዋጆች መጨረሻ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አዋጁ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ «ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የጸና ይሆናል ይላል። ታትሞ፣ ከዚያ ወጣ። መታተሙ ብቻ አይበቃም፤ መውጣትም አለበት። ጎኑ ያለው እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንዲት ቃል «ፐብሊኬሽን» ብሎ ያልፋቸዋል። የእኛው ሕግ አርቃቂዎች ልዩነቱን አውቀው ነው የጻፉት ባይ ነኝ።

ከ«ፐብሊሽ» ጎን «ፐብሊሳይዝ» አለች። የሚመሳሰሉት በድምፅ ነው። አንድ ወጣት ገጣሚ 500 ቅጂ አሳትሞ ካርቶኑ አልጋ ሥር ቢቀመጥ መጽሐፉ ወጥቷል፤ ግን አልተዋወቀም። «ፐብሊሳይዝ» ያልተደረገው እሱ ነው።

«ማስታወቂያ»ን ቶሎ ልለፋት፤ ቦታዋን ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰሌዳ ላይ ያለው «ኖቲስ»፣ ቴሌቪዥን ላይ ሳሙና የሚሸጠው «አድቨርታይዝመንት»፣ የሥራው «ቫካንሲ አናውንስመንት» ነው። ድሮ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን» ነበር። «የማስታወቂያ ሠራተኛ» የሚል የቆየ የሥራ ልምድ ሲመጣልኝ ሰውዬውን ሳልጠይቅ አልተረጉመውም።

«ምረቃ»ም እንደዚያው ነው። ግንቦት 2016 የባሕር ዳሩ አዲስ የአባይ ድልድይ ተመረቀ፤ «ኢናጉሬትድ»። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ፤ ይኸውም «ኢናጉሬትድ»። ተማሪ «ግራጁዌት» ያደርጋል። መጽሐፍ ግን «ሎንች» ይደረጋል፤ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ከዳር ወደ ውሃው እንደሚገፋው ማለት ነው። መጽሐፍን «ግራጁዌትድ» ያለ የግብዣ ካርድ በእጄ አርሜያለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

ባለፈው ወር የአንድ እድር ሰብሳቢ መጡ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው በገንዘብ ሊያግዙ ፈልገው የእድሩን ደንብ በእንግሊዝኛ ጠይቀዋል። አንዱ አንቀጽ ጡሩንባ ነፊው የአባል ሞት ሲነገረው ንጋት ላይ ሰፈሩን እየዞረ ይለፍፋል ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። «ብሮድካስት» ሬዲዮ ይመስላል። «ፕሮክሌይም» የመንግሥት ይሆናል። «ፐብሊሽ» ወረቀት ያስመስለዋል። ሰብሳቢውን ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ሲዞር ምን ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ይነፋል። ሰው ከእንቅልፉ ይነቃል። ከዚያ ስሙን ይጠራል፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን ይናገራል፣ ሰዓቱን ይናገራል። ሳይነፋ ከተናገረ አይቆጠርም» አሉኝ።

«አናውንስ» አልኩ። ከፊቷ ጡሩንባውን ነፍቶ የሚለውን ጨመርኩ፣ ከኋላዋ ስሙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ከዚያ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «አዎ፣ እንዲያ ነው የምንለው» ብለው ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ።